የድመቷ ድርሻ

ቶራብ አሊ የዓሣ እሾህ ሲለቅም ሰላምታ እንኳ አይመልስም። ሞላ የምትባለውን ጣት የማታክል ዓሣ፣ መንደሩ ሁሉ ጠብሶ ከነራሷ የሚቆረጥማትን፣ እሱ ሰንጥቆ፣ እሾኋን አንድ ባንድ ነቅሎ፣ ሥጋዋን ከሩዝ ጋር አድቦልቡሎ ለልጅ ልጁ ለቢልኪስ ያጎርሳታል። የተለቀመው እሾህ ለድመቷ ለሚኒ ነው።

ምን ያድርግ! የልጅቷ እናት ቺታጎንግ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ስትሠራ አሳዳጊዋ እሱ ነው። ቢልኪስ ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ ኢሊሽ የሚባል ትልቅ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ፊቷ ሲጠቁር ያየውም፣ ጣቱን ከቶ ያወጣውም እሱ ነው። የዚያን ዕለት "ከእንግዲህ ልጄ እሾህ የሚባል አትቀምስም!" ብሎ ማለ። ቶራብ አሊ ማለ ማለት ደግሞ አለቀ ነው።

አሁን አራት ዓመቷ ነው። እግሮቿ ግን ከጉልበቷ ላይ ወደ ውጭ ጎብጠዋል፤ ስትሮጥ ትወድቃለች። ትምህርት ቤት ያለው ከቀርከሃው ድልድይ ማዶ ነው፤ በነዚህ እግሮች እንዴት ትሻገረዋለች? ጎረቤት "ፀሐይ አጥሯት ነው" ስላለው ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ እንደ በርበሬ ያሰጣታል። እዚያ አገር ፀሐይ ምን ጠፍቶ!

የጤና ሠራተኛዋ ሞርጂና የመጣችው በምሳ ሰዓት ነው። የልጅቷን ጉልበትና የእጅ አንጓ ዳበሰች።

"ቶራብ ቻቻ፣" አለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ "ፀሐይማ ሞልቷል። ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ይሰጣታል። የሱ ሥራ ግን አጥንት የሚያጠነክረውን ካልሲየም ከምግቡ ወደ ሰውነቷ ማስገባት ነው፤ የሚገባ ከሌለ ምን ያስገባ? ምንድን ነው የምትበላው?"

"ሩዝ በዓሣ! ያውም በእጄ የተለቀመ፣ አንዲት እሾህ የሌለው!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"ወተትስ?"

"ወተት ደግሞ ከየት ይምጣ፣ ልጄ?"

ሞርጂና ከሰሃኑ አጠገብ እሾህ የምትቆረጥመውን ድመት አየች።

"በሉ እንግዲህ፣ ካልሲየሙን የበላችው ሚኒ ናት! እግሯን አያዩትም፣ ቀጥ ብሎ!"

ቢልኪስ በሳቅ ፈረሰች። ቶራብ አሊ አልሳቀም፤ የገዛ ጣቶቹን ያያል።

"እኔ ነኝ? እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት?"

"ስለሚወዷት ነው፣ ቻቻ" አለች ሞርጂና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አጥንቷ ገና ለጋ ነው፤ ካሁኑ ከበላች ሊቃና ይችላል። ክሊኒክ ያምጧት፣ እንክብልም እንሰጣታለን። የኢሊሹን እሾህ ይልቀሙላት። ሞላ ግን እሾኋ ለስላሳ ነው፤ በደንብ ይጠበስ፣ ልጅቷ አድቅቃ አኝካ ትዋጠው።"

ቶራብ አሊ ተነሥቶ ሁለት ሞላ ክው እስኪሉ ጠበሰ። አንዱን ከነራሱ አቀበላት። ቢልኪስ ቆረጠመችው። መዳፉን አገጯ ሥር ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ጠበቃት። አኘከች፣ አኘከች፣ ዋጠች፤ አፏን ከፍታም አሳየችው።

"አለቀ። አባባ፣ አሁን ተንፍስ።"

ሁለተኛውን ራሷ አነሣች። ሚኒ መጥታ እግሩ ሥር ጮኸች።

"ዞር በይ!" አላት ሽማግሌው፣ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ። "አንቺ ሁለት ዓመት በልተሻል!"