የቄስ አላምረው ጥምጣም

እኔና ቄስ አላምረው የተጋባነው በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋባ እስከ ሞት ነው፤ ቄስ ደግሞ ሌላ ሴት ካገባ ቅስናው ይፈርሳል። ስለዚህ ባሌን ከሞት በቀር የሚወስድብኝ የለም ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርሁ።

ቤታችን ዳባት አጠገብ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። በሬው፣ በጉ፣ የገብሱ ማሳ፣ ሁሉ ከባሌ አባት የወረደ። የጎደለው ልጅ ብቻ ነው። አማቴ እማማ ታየች ጧት ጧት ጎተራው ሥር ይቆሙና፣ "ይኼ ሁሉ ለማን ሊሆን ነው?" ይላሉ። የሚጠይቁት ጎተራውን ነው፤ የሚወጉት እኔን።

ጎንደር ወርደን ተመረመርሁ። ሐኪሟ እኔ ደኅና መሆኔን ነገረችንና፣ "አሁን ደግሞ እርስዎ" ብላ ለባሌ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችው። ምን እንደሚሞላበት ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

"እኔ ታቦት የማገለግል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ርኩሰት አልሠራም" አለና ትቷት ወጣ።

ከዚያ ወዲያ መካኗ እኔ ሆንሁ። እማማ ታየች ለአገር ምድሩ አወሩ። ባሌ ሐኪሟ ያለችውን እንኳ ለእናቱ አልነገረም፤ ከሁሉ ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

አንድ እሑድ የቅዳሴ ደወል ተደውሎም ከግቢ አልወጣም። ራሱን ገልጦ ካቡ ላይ ተቀምጧል። ያለ ጥምጣም በቀን ብርሃን አይቼው አላውቅም፤ ጠጉሩ ሳስቷል።

"ምነው፣ አመመዎት?" አልሁ። ቄስ ነውና አንቱ ነበር የምለው።

"ደጃችን ሊዘጋ ነው፣ የትነበርሽ" አለ ወደ ማሳው እያየ። "እናቴ ከሳንጃ ልጅ አጭታልኛለች።"

አላለቀስሁም። ልብሴን ቋጥሬ ጎንደር ገባሁ። ይኸው ቁስቋም፣ አክስቴ ቤት፣ ጥጥ እየፈተልሁ እኖራለሁ።

ዘንድሮ በኅዳር ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል።

"ልጅቱም አልወለደች" አለኝ። "እንግዲህ ቄስ አይደለሁ፤ ሄጄ ተመረመርሁ። የኔ ነው፣ የትነበርሽ። ከድሮም የኔው ነው።"

ይህን ቃል ስንት ዘመን ተመኝቼዋለሁ! ስሰማው ግን ደስ አላለኝም። ቅስናውንም እኔንም ያጣው ለከንቱ ነው። አንጀቴን በላኝ።

"ለእናትህ ነገርሃቸው?" አልሁት።

መሬት መሬት አየ። "እናቴ ልጅቱን መካን እያለች ታስለቅሳታለች። ግን እንዴት ብዬ ልንገራት?"

ያዘንሁለት ሁሉ ጠፋ። ደወሉ ተደወለ፤ እጁ እንደ ልማዱ ጥምጣሙን ሊያቃና ወደ ራሱ ሄደ፣ ባዶውን ዳብሶ ተመለሰ። እዚያው ትቼው ገባሁ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ አለቀስሁ። ለሱ አልነበረም፤ ስሟን እንኳ ለማላውቃት ለሳንጃዋ ልጅ ነው።