የከርሞ መስታወት

በማርች ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጋሽ ሸዋንግዛው ፀጉር ቤት ትልቁ መስታወት ከርሞን ማሳየት ጀመረ።

ፀጉር ቤቱ ሲያትል ውስጥ፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው እንደ ልማዱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ከፈተ፤ መብራቱን አበራ፤ ካፖርቱን ሰቀለ። ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ቀያይ ወንበሮቹ የሉም። በቦታቸው ትንሽ መሰላል የተደገፈበት የብረት ገንዳ ቆሟል። የሥራ ፈቃዱ የተሰቀለበት ግድግዳ ነጭ ተቀብቶ የውሻ ሻምፖ ተደርድሮበታል። ዞር ሲል ወንበሮቹ ከኋላው አሉ። ወደ መስታወቱ ሲመለስ ገንዳው አለ። እሱ ራሱ የለም። ከገንዳው በላይ የተንጠለጠለው የቀን መቁጠሪያ የሚመጣውን ዓመት ማርች ያሳያል።

መጀመሪያ መስታወቱ የቆሸሸ መሰለውና በኮምጣጤና በአሮጌ ጋዜጣ ወለወለው። ገንዳው ይበልጥ ጠራ።

የዕለቱ የመጀመሪያ ደንበኛ መርዕድ ነበር፤ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው። ተቀመጠ፤ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታሰረለት፤ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ እኔ የለሁም።»

«የለህም» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው ቶንዶሱን በብሩሽ እያፀዳ። «ከርሞ ነው።»

«የት ሄጄ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ኬንት ይሆናል።»

መርዕድ አሰበበትና ራሱን ነቀነቀ። ኪራይ የገፋው ሁሉ የሚሄደው ወደ ኬንት ነው። «ትራፊኩ ሊገድለኝ ነው» አለ። «ከጎን በጣም አታሳጥረው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ሥራውን በእጁ ዳሰሳ ጨረሰና የአንገት ማሳያዋን ትንሽ መስታወት አወጣ። እሷ ደህና ነበረች፤ ዘንድሮን ታሳያለች። እሷን የገዛት እሱ ነው። ትልቁ መስታወት ግን ከቤቱ ጋር የመጣ ነው፤ የቤቱን ሐሳብ ቢያውቅ አይፈረድበትም።

ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው ይህ ያን ያህል ጉድ አይደለም። ዓሣ መጥበሻው ዮጋ ቤት ከሆነ ቆይቷል። የልብስ ማጠቢያው ወይን መጠጫ ሆኗል፤ አዲሶቹ ነዋሪዎች ስለወደዱት ግን የድሮው «ልብስ ማጠቢያ» የሚለው ምልክት አልተነሳም። ሰዉን አስወጥተው ስሙን ያስቀራሉ። መስታወቱ ውስጥ በሚታየው መስኮት ላይም «ፀጉር ቤት» የሚለው የአማርኛ ጽሑፍ ከርሞም በቦታው ነበር። ፊደሎቹ ያምራሉ ተብሎ መሆን አለበት።

ሐሙስ ሚስተር ኦቲስ መጡ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የተወለዱት እዚያው ጎዳና ላይ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ፂማቸውን ይላጫሉ። መነጽራቸውን አድርገው መስታወቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። የፈለጉት ራሳቸውን አልነበረም፤ በከርሞው መስኮት አሻግረው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያናቸውን ነበር።

«ያገባሁበት ቦታ አፓርታማ ሆኖ በረንዳ ወጥቶለታል» አሉ። «በረንዳው ላይ ብስክሌት ተሰቅሏል።»

«አዝናለሁ።»

«ቀለሙ አይከፋም» አሉና አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። «ጉንጬ ላይ ቀስ በል።»

በኦገስት ሚስተር ኦቲስ መምጣት አቆሙ። ልጃቸው ደውላ ወደ እሷ ዘንድ እንደወሰደቻቸው፣ ሰፈሯ ሩቅ እንደሆነ፣ ፂማቸውንም ማንም እንዲነካ እንዳልፈቀዱ ተናገረች። ሌላውም ሰው እየሳሳ ሄደ። ሰው ራሱን የማያይበት ፀጉር ቤት መቀመጥ ይከብደዋል። ጋሽ ሸዋንግዛው መስታወቱን በአንሶላ ሸፈነው፤ ከከርሞ የሚመጣው ብርሃንና የውሾች ጩኸት ግን በአንሶላው እያለፈ ስላስቸገረው መልሶ ገለጠው።

እንዲህ ሆኖ ገንዳው ላይ የምትሠራውን ሴትዮ ለመዳት። ስሟ ሽርጧ ላይ ተጠልፏል፤ ኬትሊን። ቢጫ ፀጉሯን ከኋላ ጠፍራ ውሾችን ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ትከረክማለች። ሊጠላት ቆርጦ ነበር የተነሣው። ግን መቀስ ስትይዝ አያት። አያያዟ የባለሙያ ነው፤ የቀለበት ጣቷ ቦታውን ያውቃል። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አናደደው።

ኦክቶበር ላይ፣ የመርዕድን ፀጉር በግማሽ እንዳደረሰ፣ ሴትዮዋ መስታወቱን ከውስጥ አንኳኳች።

«ይግቡ» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው።

መግባት እንደማትችል ተናገረች፤ ትሑት ነበረች። በእጇ ታብሌት ይዛለች። ሕንፃውን የገዛው ድርጅት ከቀድሞ ተከራዮች አንድ ሰው እንዲቀር ፈቅዷል አለች። መስኮቱ ሥር ያለችው ጥግ ትበቃለች፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት። ውሾቹም ሰው ይወዳሉ።

«መቆየት ይፈልጋሉ?» ስትል ጠየቀችው።

የጋሽ ሸዋንግዛው ልብ ዘለለ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቆሟል። ሌላ ሙያ የለውም፤ በዚህ ዕድሜው እጁ ሌላ ነገር አይማርም። ያን ጥግ ከምንም ነገር በላይ ፈለገው። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ኧረ በፍጹም!» አለ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። «እኔ ላስቸግርሽ? አይገባም። ቦታሽን ለእኔ ብለሽ ልታጣብቢ? ተይው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ሞጆ ነው ያደገው። እናቱ ቤት ውስጥ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሰነዘረ እንግዳ ስሙ ለዓመት ይነሣል። መጀመሪያ አይሆንም ይባላል፤ ባለቤቱ ይለምናል። እንግዳው አሁን በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፤ ባለቤቱ በሞቴ ይላል። እንግዳው ደረቱን ይዞ ወደ ኋላ ይላል፤ ባለቤቱ አፈር ስሆን ይላል። ያኔ እንግዳው ይቀመጣል፤ ጠግቦም ይበላል። የመጀመሪያው አይሆንም በር መክፈቻ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

«ገባኝ» አለች ሴትዮዋ። «ግልጽ ስለሆኑልኝ አመሰግናለሁ።» ታብሌቱን በጣቷ ነካ አደረገች፤ ፈገግ አለች፤ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች።

ጋሽ ሸዋንግዛው እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ።

«ጋሼ» አለ መርዕድ፣ ግማሽ ራሱ እንደተላጨ፣ «ምን አደረግክ?»

«ትመለሳለች።»

«አትመለስም። እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው።»

«አንዴ የሚጠይቅ ሰው አለ? አንዴ መጠየቅ እኮ መጠየቅ አይባልም፤ ከነገሩ ለመገላገል ነው።»

«አንኳኳና እፈልጋለሁ በላት!»

«በገዛ አፌ? ምን ብዬ? ርቦኛል ብዬ?»

«አዎ! ርቦኛል በል! ማን ያይሃል?»

«እኔ» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው። ቶንዶሱን አስነሣና የቀረውን ግማሽ ጨረሰ። ከመርዕድ ጆሮ በላይ ግን ትንሽ አበላሸበት።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቀ። ሸሚዙን እየተኮሰ፣ በሰዓቱ እየከፈተ፣ ብትመጣ እንዳታጣው ምሳውን ቆሞ እየበላ ጠበቀ። ሴትዮዋ በየቀኑ ትገባለች፤ አንዳንዴ ቀና ስትል ፈገግ ትልለታለች፤ ክፋት የላትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይሉኝታው አለቀ። መስታወቱን አንኳኳ። ሴትዮዋ ማድረቂያ ይዛ ነበር፤ ጆሮዋ ላይም ማዳመጫ አለ። በጡጫ መታው።

«እሺ!» ብሎ ጮኸ። «እሺ! እቆያለሁ!»

በዕድሜው ሙሉ ሳይለመን እሺ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ በእፍረት ነደደ። ውሾቹ ሁሉ ዞረው አዩት። ሴትዮዋ አልዞረችም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንኳኳ። ከእሷ ወገን ድምፁ የሚሰማ አይመስልም። መርዕድ በጃንዋሪ ዕቃውን ጭኖ ኬንት ገባ። ሊሰናበት መጥቶ የጋሽ ሸዋንግዛውን ትከሻ ሦስት ጊዜ በትከሻው ነክቶ ሄደ።

ዓመቱ በማርች ሞላ። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ሸዋንግዛው በሩን ከፈተ፤ ቁልፉ አላስቸገረውም። ውስጡ ነጭ ነበር። ገንዳው በቦታው ቆሟል፤ ሻምፖው ተደርድሯል፤ ካፖርት መስቀያው የለም። በትልቁ መስታወት ውስጥ ግን ሁለቱ ቀያይ ወንበሮች፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ቶንዶሱ፣ ማበጠሪያዎቹ አልኮል ውስጥ እንደተነከሩ ሁሉም አሉ። የሥራ ሰዓት ደርሷል። ፀጉር ቤቱ ያለው እዚያ ስለሆነ በመስታወቱ በኩል ወደዚያ ገባ። ካፖርቱን ሰቀለ፤ ጨርቁን አራገፈ፤ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ። መውጫ በር እንደሌለ፣ መስታወቱም መልሶ እንደማያሳልፍ ያስተዋለው ቆይቶ ነው።

ሴትዮዋ አራት ሰዓት ላይ ገባች። ነጭ አሮጌ ውሻ አመጡላት። አጥባ፣ አድርቃ፣ ከርክማ ስትጨርስ ከኪሷ ብስኩት አወጣች። ውሻው ፊቱን አዞረ።

«እንካ እንጂ» አለች።

ውሻው ወለሉን አየ።

ሴትዮዋ ተንበረከከች። አገጩን በመዳፏ ያዘች። «እባክህ» አለች፣ «ትንሽ ብቻ።»

ውሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከወንበሩ ጀርባ ሆኖ ይመለከታል፤ መቀሱ እጁ ላይ ነው፤ ትንፋሹን ይዟል።

«ለእኔ ስትል» አለች ሴትዮዋ። «ለእኔ ስትል፣ የኔ ጌታ። እየለመንኩህ ነው።»

ውሻው በላ።

ጋሽ ሸዋንግዛው መቀሱን አስቀመጠ። ወደ መስታወቱ ተጠጋ፤ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ለጠፈው፤ «እሺ» አለ ቀስ ብሎ። ውሻው ጆሮውን አቁሞ ማጉረምረም ጀመረ። ሴትዮዋ ውሻው የሚያየውን ለማየት ቀና አለች። እሱን አላየችውም፤ መስታወቱ ላይ፣ በቁመቷ ልክ፣ የአምስት ጣት አሻራ አየች። የማጽጃውን ጠርሙስ አንሥታ ረጨችበትና በጨርቅ ወለወለችው። አልለቀቀም። ጠጋ ብላ በጥፍሯ ፈገፈገችው።

አሻራው ከውስጥ በኩል ነበር። ዙሪያው በትንፋሽ ደመና መስሎ ነበር፤ ደመናው እየጠፋ፣ መልሶ እየመጣ፣ እየጠፋ፣ መልሶ እየመጣ።