የዳክዬዋ ትንፋሽ

በደቡቡ ደሴት፣ በትንሿ ከተማ በሆኪቲካ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ ባለቤቱ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። ሎርና ከሰዓት በኋላ በልጇ መኪና ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ካለው አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። መኪናዋ ቤት ያዘለች መኪና ናት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ የአበባ መጋረጃ ሳይቀር አላት። ልጇ ብሮንዊን ነጭነቷንና ሰፊ አፍንጫዋን አይታ “ዳክዬ” የሚል ስም አውጥታላታለች። ችግሩ ዳክዬዋ ውሃ ማስገባቷ ነው።

ጠብ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ፣ ረሳሁት ሲሉት፣ ጠብ።

ጠብታው የሚወርደው ከትራሱ በላይ ካለው ጥግ ነው። እዚያ ጋ ኮምፔንሳቶው አብጦ ጠቁሯል፤ ተዘግቶ እንደከረመ ጓዳ ይሸታል። ያ ሽታ አፍንጫዋ ሲገባ ሎርና የሚታያት ሻጋታ ነው። ሻጋታው ሲታያት ደግሞ የብሮንዊን ደረት ይታያታል። ልጅቷ በሕፃንነቷ አስም ነበረባት። ሎርና ከአልጋዋ ጎን ተቀምጣ ትንፋሿን እያዳመጠች ያነጋችው ሌሊት ብዙ ነው፤ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ በመሃል ሲያፏጭ። አሁን ያቺ ሕፃን ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ቅዳሜ ዳክዬን ነድታ ተራራውን ልትሻገር፣ ከፒክተን ወደብ በመርከብ ወደ ሰሜኑ ደሴት ልታልፍ፣ ፖም እየለቀመች ከእርሻ እርሻ ልትኖር ነው። ብቻዋን። በዚህ አልጋ ላይ እየተኛች።

“የሚያፈሰው ካልተገኘ አትሄጂም” ብላታለች ሎርና።

“እሺ፣ እንፈልገዋ!” ብላ ነበር ብሮንዊን የመለሰችው።

ሎርና እንዲገኝ ትፈልጋለች። እንዳይገኝም ትፈልጋለች። ሁለቱን ምኞቶች ጎን ለጎን ይዛ፣ የዝናቡ ድምፅ እያባበላት፣ ሸለብ አደረጋት።

በእንቅልፍና በንቃት መሃል ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሲሄድ ሰማችው። እናቷን ላለመቀስቀስ ጫማዋን በእጇ ይዛ በካልሲ እንደምትሄድ ልጅ ነበር አካሄዱ። ከፊት፣ ከመሪው በላይ ተነሣ። በምድጃው አናት አለፈ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ አረፍ አለ። ከዚያ ወደ እርሷ መጣ፣ መጣና ከጆሮዋ አጠገብ ጠብ አለ።

“ሎርና! ሞተሽ ነው ወይስ ተኝተሽ?”

ጎረቤቷ ኔቪል ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምሳውን የሚበላው እነ ሎርና ቤት ነው። ከኋላው ብሮንዊን የዝናብ ኮቷን እያራገፈች ገባች።

“እያዳመጥኩ ነው” አለች ሎርና።

“አንቺ እኮ ያልፈሰሰውንም ትሰሚያለሽ” አለ ኔቪል። ማንቆርቆሪያውን ከዳክዬዋ ቧንቧ ሞልቶ ጣደ። “ቀይ ሥሩስ? ቀላ?”

የቀይ ሥሩ ነገር የእርሱ ብልሃት ነበር። ጠዋት የአንድ ቆርቆሮ ቀይ ሥር ጭማቂ በዳክዬዋ የውሃ ታንከር ውስጥ ጨምረው ነበር። ጠብታው ከቀላ ጥፋቱ የቧንቧው ነው፣ ካልቀላ የሰማዩ ነው ብሎ።

ሎርና ከጥጉ ሥር ያስቀመጠችውን ነጭ ሳህን አነሣች። ውሃው እንደ እንባ ጥርት ያለ ነው።

“ከሰማይ ነው” አለች ብሮንዊን። “ቧንቧው ነፃ ወጣ።”

ኔቪል ሻዩን ቀድቶ ወተት ጨመረበትና ፈዞ ቀረ። “ይሄ ሻይ ምን ሆኖ ነው ጽጌረዳ የመሰለው?”

“ከየትኛው ቧንቧ ነው የቀዳኸው፣ አንተ ሊቅ?” አለች ብሮንዊን። “የራስህ ምርምር ነው፣ ጠጣው!”

ጠጣው። “ከእናትሽ ሻይ ይሻላል” አለ።

ከሰማይ ነው ማለት ግን ቀላል፣ በየት በኩል ነው ማለት ከባድ። ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አይታይም። ከእነርሱ በፊት የነበረው ባለቤት ያየውን ስንጥቅ ሁሉ በሲሊኮን ማሸጊያ ለቅልቆታል፤ ዳክዬዋ ፊቷን ክሬም ተቀብታ የረሳች ሴት ትመስላለች። ሎርና ሌሊቱን ስታሰላስል ወለሉ በስብሶ፣ ብሮንዊን ከነአልጋዋ በአውራ ጎዳናው ላይ ስትወድቅ ታያት። ከኋላ የወተት ቦቴ ይመጣል። ሁልጊዜ የወተት ቦቴ ነው የሚመጣው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ትንፋሽ ሲወስድ ኔቪል ቅጠል የሚገፋውን የንፋስ ማሽኑን ተሸክሞ መጣ።

“ውሃው የሚገባበትን ካላገኘን አየሩ የሚወጣበትን እናገኛለን” አለ። “እንነፋታለን፣ ሳሙና እንቀባታለን። የተቀደደ ጎማ እንደሚፈለገው ነው።”

“ብትፈነዳስ?” አለች ሎርና።

“ከፈነዳች ቀዳዳው ይገኛል።”

ብሮንዊን ከውስጥ መተንፈሻውን ሁሉ በፕላስተር አሸገች። በጎን መስኮት ላይ ካርቶን ገጥመው የማሽኑን አፍ በካርቶኑ አስገቡ። ሎርና የሳሙና ባልዲና ስፖንጅ ይዛ መሰላል ላይ ወጣች።

“ከጥጉ ጀምሪ፣ ከሚንጠባጠበው!” አለ ኔቪል።

“ከፊት ነው የምጀምረው።”

“ለምን?”

ምን ትበለው? በካልሲ የሚሄድ ውሃ ሰማሁ አይባል። መሰላሉን ወደ ፊት ወሰደችው።

ማሽኑ አጓራ። የዳክዬዋ ግድግዳ እንደ ሆድ ቀስ ብሎ ነፋ አለ፣ መጋረጃዎቹም ከመስታወቱ ኋላ ተንሳፈፉ። ሎርና ከመሪው በላይ፣ በዳክዬዋ ግንባር ላይ በተደረደሩት ትናንሽ መብራቶች ዙሪያ ሳሙናውን ቀባች። መጀመሪያው ዝም አለ። ሁለተኛውም ዝም። ከሦስተኛው መብራት ሥር፣ ሲሊኮኑ ከተላጠበት፣ አንዲት አረፋ ብቅ አለች።

አረፋዋ አደገች። ሰማዩን፣ የሎሚውን ዛፍ፣ የሎርናን ፊት በውስጧ ይዛ አደገችና ተነቅላ በረረች። ሌላ ተተካች። ሌላም። ማሽኑ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አረፋዎቹ እየተነፉ፣ እየሟሸሹ፣ እንደገና እየተነፉ ይወጣሉ። ሎርና ይህን ምት ታውቀዋለች። እጇን ከሕፃን ደረት ላይ አሳርፋ የቆጠረችው ምት ነው።

ከዚህ በኩል ማንም አያያትም። ኔቪል ከመኪናዋ ባሻገር ነው፤ ብሮንዊን ውስጥ ናት። ሎርና መዳፏን ዘረጋችና አረፋዎቹን ጠረገቻቸው።

ማሽኑ ጸጥ አለ። “አለ?” ብሎ ጮኸ ኔቪል።

“የለም።”

ቃሉ ከአፏ የወጣው እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ነው። እንደ ድንጋይ ከበዳት። በጸጥታው ውስጥ የብሮንዊን ድምፅ በቀጭኑ ግድግዳ አልፎ መጣ።

“ተወው ኔቪል፣ ባይገኝም እሄዳለሁ። ባልዲ አስቀምጬ እተኛለሁ።”

“በዚያ ደረትሽ? እናትሽ ትገድልሻለች።”

“ለእናቴ ደርቋል እላታለኋ። ምን ታውቃለች፣ እሷ ያለችው እዚህ ነው።”

ሎርና መሰላሉን አጥብቃ ያዘች። አሁን የታያት የወተት ቦቴ አልነበረም። ጨለማ የፖም እርሻ፣ እርጥብ ትራስ፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ፣ ከጎኑም ማንም የሚያዳምጥ የለም።

“ኔቪል!” ብላ ጮኸች። “አልጨረስኩም! አብራው!”

ሳሙናውን እንደገና ቀባች። አረፋዎቹ አልተቀየሟትም፤ ተግተልትለው ወጡ።

“ብሮንዊን፣ ነይ እዪ! እዚህ ነው የምትተነፍሰው!”

ብሮንዊን ወጥታ ከመሰላሉ ሥር ቆመች። አረፋዎቹን አየች። ከዚያ የእናቷን እጅጌ፣ ቅድም አረፋ ሲጠርግ እስከ ክርኑ በሳሙና የራሰውን፣ አየች። ካቻቢቴ አምጥታ መሰላሉ ላይ ወጣች።

መብራቱን ስትፈታው ከቀዳዳው ሻይ የመሰለ ውሃ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ። ከሥሩ ያለው የማሸጊያ ጎማ እንደ ከረመ ዳቦ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ግቢው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ውሃው በመብራቱ ገብቶ በጣሪያው እንጨት ላይ እየተጓዘ እስከ ትራሱ ይደርስ ኖሯል።

“ከፊት መሆኑን በምን አወቅሽ?” አላት ኔቪል።

“አዳምጬ።”

ሲሊኮኑን ፋቁ፣ ቀዳዳውን በፀጉር ማድረቂያ አደረቁ። ብሮንዊን አዲሱን ተለጣፊ ጎማ ዙሪያውን አልብሳ መብራቱን መለሰች። “ተጫኚልኝ፣ እማ” አለች። ሎርና ጎማው በጠርዙ በኩል እስኪያብጥ ድረስ በሁለት አውራ ጣቶቿ ተጫነችው፤ ልጇ ብሎኖቹን አጠበቀች። ከትራሱ በላይ ያበጠውንም ኮምፔንሳቶ ቆርጠው ጣሉ፣ እንጨቱ ነፋስ እያገኘው እንዲደርቅ ክፍቱን ተዉት። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ሲነጋ ሎርና ገብታ ነጩን ሳህን በጣቷ ዳበሰችው። ጣቷ ደርቆ ወጣ።

ስለዚህ ብሮንዊን ሄደች።

“መድኃኒትሽን ከአጠገብሽ አድርጊ። ወንዝ ዳር እንዳታድሪ። በወተት ቦቴ ፊት እንዳትገቢ።”

“እማ።”

“እሺ።”

ብሮንዊን አቀፈቻት። ጆሮዋ ሥር፣ “ቢያፈስ እነግርሻለሁ፣ አልዋሽሽም” አለቻት።

“እኔም” አለች ሎርና።

ዳክዬዋ በሩን ወጥታ፣ በድልድዩ በኩል ታጥፋ ጠፋች። በቆመችበት ቦታ ላይ፣ በረሰረሰው ጠጠር መሃል፣ አልጋና ምድጃ የሚያህል አንድ ደረቅ አራት ማዕዘን ቀረ። ሎርና ሄዳ መሃሉ ላይ ቆመች። ካፊያው ጀመረ። አንዱ ጠጠር ጠቆረ፣ ቀጥሎ ሌላው።

ኔቪል ከበረንዳው ላይ ተጣራ። “ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ! ሻይ አፍልቻለሁ፣ በደህናው ውሃ!”

“ቆይ” አለች ሎርና፣ ዓይኗን ጨፍና። “እያዳመጥኩ ነው።”