ለሎኬ መርፌ የተዘፈነ

ካጊሰራ በጤና ኬላው ኃላፊ በቲካራም ላይ ቂም ከያዘች ሰባት ክረምት ሆኗታል። ታናሽ ወንድሟ ሎኬ በየወሩ መርፌውን ከተወጋ የቤት ጎሽ ያልባል፣ በቆሎ ያርማል፣ እንደ ሰው ይስቃል። ካልተወጋ ግን የሌለ ድምፅ ይሰማዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ቤቱን ጥሎ ይጠፋል። አምና ከወንዙ ማዶ የተገኘው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ያውም በአንድ እግር ጫማ።

የአእምሮ ሐኪም ያለው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬደው ከተማ ነው። ክረምት ሲገባ ተራራው ይናድና መንገዱ ሁለት ወር ይዘጋል። ካጊሰራ ሞኝ አይደለችም፤ ዝናቡ ሳይጀምር የሁለት ወሩን መድኃኒት አምጥታ ሣጥኗ ውስጥ ትቆልፋለች። ጤና ኬላውም ያለው ከደጇ ነው። የጠፋው የሚወጋ እጅ!

ዘንድሮም ጠርሙሷንና የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ሄደች።

«ዲዲ፣» አላት ቲካራም፣ እንደ ታላቅ እህት አክብሮ፣ «የአእምሮ መርፌ ከዝርዝራችን ውስጥ የለም። ደብዳቤ ይምጣ።»

«በየት በኩል ይምጣ? መንገዱ ተዘግቷል እኮ!»

«እንግዲህ ሲከፈት ነዋ።»

«ሲከፈትማ አንተን ምን አደርግሃለሁ?»

ማታ ሎኬ አንገቱን ወደ ጣራው አቅንቶ፣ «ዲዲ፣ እላይ የሚያወሩት እነማን ናቸው?» አላት። ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

በማግስቱ ቲጅ ነበር፤ ሴቶች ቀይ ለብሰው፣ ጾመው፣ በቤተ መቅደሱ ግቢ የሚጨፍሩበት ቀን። የዚያን ቀን ባልም አማትም ሹምም በዘፈን ይሰደባል፤ ለተሰደበ መቆጣት ነውር ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበርና ቲካራም አበባ በአንገታቸው ተጠልቆላቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ካጊሰራ መሐል ገባች።

«ሕፃን ሽማግሌውን ሲወጋ አይደክመው፣
ወንድሜ ሲመጣ እጁ አይታዘዘው።
መድኃኒት በሣጥኔ፣ ጤና ኬላ በደጃፌ፣
ሰባት ክረምት ሙሉ ማን ይውጋልኝ መርፌ?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ከበሮው ደመቀ። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ቲካራም፣ እውነት ነው?»

«ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ…»

«የሎኬን መቀመጫ ፈርቶ ነው!» አለች አንዷ ከኋላ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ሊቀ መንበሩ እዚያው ስልክ አውጥቶ ከተማ ደወለ። ሐኪሙ፣ «ክትባት የሚወጋ ሰው ይህንንም ይወጋል፤ መጠኑ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ደብዳቤውን በስልክ እልክለታለሁ» አለ።

ካጊሰራ ጭፈራው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ቤት ሮጣ ጠርሙሷን አወጣች፣ ሎኬን እጁን ይዛ ጤና ኬላው ገባች። ሴቶቹም እየዘፈኑ ተከትለዋት በሩን ሞሉት። ቀድሟቸው የደረሰው ቲካራም እጁን ታጠበ፣ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ።

«ዲዲ፣» አለ ሎኬ ቀበቶውን ጨምድዶ፣ «ይህ ሁሉ ሴት እያየኝ?»

«ዞር በሉ!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ጀርባቸውን ሰጡ፤ ዘፈኑን ግን መርፌው ገብቶ እስኪወጣ አላቆሙም።