ማግኔት የጎደላቸው ዓሦች

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ሚሊሜትር» እያለ ነው። በር ገጥሞ ሲጨርስ ደንበኛው ሊያመሰግነው እጁን ቢዘረጋም፣ እሱ ገና ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ያያል። ሟች ሚስቱ፣ «ይሄ ሰው የራሱን ሬሳ ሣጥን እንኳ ሳይለካ አይገባም» ትል ነበር።

ሴት ልጁ የሌዘር መቁረጫ ማሽን አምጥታ ወርክሾፑ ጥግ ያስቀመጠች ቀን ግን እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ማሽኑ ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን ዓሣ ተከትሎ ስሱን የኮምፔንሳቶ ጣውላ በቀጭን ብርሃን ይቆርጣል። የመጋዝ ድምፅ የለ፣ የሚበንን ዱቄት የለ፤ የሚሰማው የጭስ መሳቢያው ጉርምርምታ፣ የሚሸተውም ጠርዙ የጠቆረ እንጨት ብቻ ነው። ሚሊሜትር አንዱን ዓሣ አንስቶ ለካው። ደግሞ ለካው። የሚያወጣለት እንከን ሲያጣ፣ «እሳት እንጨት ሲበላ አይቻለሁ፤ ተለክቶለት ሲበላ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

ሥራውን ያመጣችላቸው ታናሽ እህቱ ነበረች። የሕፃናት ማቆያ ኃላፊ ናት። በዓሉ ሲደርስ ለልጆቹ የእንጨት ጨዋታዎች ልትሰጥ አስባ፣ «በእጅ የተሠራ ይሁን» ብላ አዘዘች። በዚህ ቃል አባትና ልጅ ትንሽ ተከራከሩ። እሱ ማሽን የቆረጠውን በእጅ የተሠራ ብሎ መስጠት ማታለል ነው ባይ ነው። ልጁ ግን ማሽኑ የሚያወጣው ጠርዙ ያረረ እንጨት እንጂ መጫወቻ አለመሆኑን፣ መጫወቻ የሚሆነው የሱ እጅ ሲያርፍበት መሆኑን አስረዳችው። ነገሩ ከአንጀቱ ጠብ አለለት። ከዚያ ወዲያ እሷ ትስላለች፣ ማሽኑ ይቆርጣል፣ እሱ ደግሞ እያንዳንዷን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፤ ከጨረሰም በኋላ ጉንጩ ላይ አሻሽቶ ካልለሰለሰችለት መልሶ ይፈትጋታል።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የወደደው የዓሣ ማጥመጃውን ነው። ልጅ ክር የታሰረበት ዱላ ይይዛል፤ በክሩ ጫፍ ብረት አለ፤ በዓሣዎቹ አፍ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ማግኔት አለች። ሴት ልጁ ማግኔቷን በሁለት ስስ እንጨቶች መካከል እንቅበራት ብላ ነበር። እሱ ግን ዓሣው ይወፍርና ዳቦ ይመስላል ብሎ እንቢ አለ። እሷም አፋቸው ላይ ቀዳዳ ተወችለት፤ እሱ ማግኔቶቹን በኮላ እየለጠፈ ከተታቸው።

የመጀመሪያዋን ሣጥን ለዚህችው ልጁ ልጅ፣ ለሚጢጢ ሰጣት። ሚጢጢ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሟ ሌላ ቢሆንም በስሟ የሚጠራት የለም። የቀሩት ሣጥኖች ወደ ማቆያው ሄዱ።

አንድ ረፋድ ሚጢጢ የወርክሾፑ ወለል ላይ ዓሦቿን ዘርግታ ስትጫወት፣ ሚሊሜትር ሊያልፍ ሲል አንዷን በጫማው ነካትና ጎንበስ ብሎ አነሳት። አፏ ባዶ ነው። ሌላዋን አነሳ። እሷም ባዶ።

«ሚጢጢ፣ ከዚህ ውስጥ የነበረችው ክብ ነገር የት ሄደች?»

ሚጢጢ ቀና ሳትል፣ «ሆድ ውስጥ ገባች» አለች።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

የማግኔቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ እሱ ራሱ መነጽሩን አድርጎ ያነበበው ነው፤ ሁለት ማግኔቶች ሆድ ከገቡ አንጀትን መሃል አድርገው ይሳሳባሉ፣ ይበሱታልም ይላል። አንድ ብትሆን ኖሮ! ማሽኑ ጋ ወዳለችው ልጁ ዞሮ ባዶዎቹን ዓሦች አሳያትና የሚጢጢን ሆድ በጣቱ ጠቆመ። እሷም ነገሩ ወዲያው ገብቷት፣ ማሽኑን አጥፍታ፣ ሕፃኗን ከነጨርቅ ድቧ አፈፍ አድርጋ ወጣች።

በታክሲው ውስጥ የምታወራው ሚጢጢ ብቻ ነበረች። እሷ ድቧን አንገቱን አንቃ ይዛ፣ ሐኪም ቤት እሱንም ይወጉት እንደሆነ ትጠይቃለች። ሚሊሜትር የልጁን ፊት ማየት አቃተው። ለዓሣ ማማር ብዬ ልጅ ልቀብር ነው እያለ በሆዱ ራሱን ያብጠለጥላል።

ሐኪም ቤት ነገሩን ሲሰሙ ወረፋ አላስጠበቋቸውም። ሚጢጢን ወደ ራጅ ክፍል ሲያስገቧት ድቡን አያቷ እንዲይዝላት አደራ አለችው። እሱም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ድቡን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ለማን እንደሆነ ያላወቀውን ስለት ሁሉ ተሳለ።

ዶክተሯ ፎቶውን ይዛ ስትመለስ ፊቷ አያስፈራም ነበር። ከሚጢጢ ጉሮሮ እስከ ታች አይታ ምንም አላገኘችም። ማግኔት ቢኖር እንደ ፀሐይ ያበራ ነበር አለች። ልጁ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሚሊሜትር ግን ደስታውን እንኳ በደንብ ሳይጀምር፣ ታዲያ የት ገቡ የሚለው ጥያቄ ጠፍንጎ ያዘው።

ዶክተሯ ከሚጢጢ ፊት ቁጢጥ አለች። «እሜቴ፣ ዓሣዎቹን ምን አደረግሻቸው?»

«አመማቸው። ድንጋይ ውጠው ነበር። እኔ አወጣሁላቸው።»

«ጎበዝ። ድንጋዩን የት አስገባሽው?»

«ሆድ ውስጥ።»

«የማን ሆድ?»

ሚጢጢ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከትልቅ ሰው ይወጣል ብላ አልጠበቀችም። «የድቡ ነዋ» አለች።

ዶክተሯ ከኪሷ መቀስ አውጥታ ወደ ድቡ አስጠጋች። የድቡ ሆድ ወደ መቀሱ ሄዶ ልጥፍ አለ። ስፌቱ በጎኑ ተተርትሯል፤ በዚያ ቀዳዳ ሁለቱ ማግኔቶች ጥጡ ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ሚሊሜትር መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፤ ከዚያ የትኛው እንደሆነ ለራሱም ጠፋው። ነፍሱ ከሄደችበት ተመለሰች።

ዶክተሯ ግን እንዲሁ አልለቀቀቻቸውም። መምጣታቸው ትክክል መሆኑን፣ ዛሬ ድቡ የዋጠውን ነገ ልጅ ሊውጠው እንደሚችል ረጋ ብላ ነገረቻቸው። ሚሊሜትር በዚህ ጊዜ ማቆያው ያሉት ሣጥኖች ትዝ አሉት። እህቱ ጋ ደወለ። እሷ የምን ጥድፊያ ነው ስትል ቆየች። ነገሩ ሲገባት ግን ሣጥኖቹ ገና አለመከፈታቸውን፣ ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነገረችው። በዚያች ቀን ነፍሱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰች፤ «ተመስገን» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚጢጢ በእናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሚሊሜትር። «እንቅበራት ብለሽኝ ነበር።»

«ኮላውን የመረጥኩት እኔ ነኝ አባዬ።»

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ለሁለት እንካፈለው» አለችው፤ ራሷንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ሕፃን ሆና ካደረገችው ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እስከ ቤት ድረስ ትከሻውን ሳያነቃንቅ ተቀመጠ።

ዓሦቹ ሁሉ ከማቆያው ተመልሰው መጡ፤ ማግኔታቸውም ተፈልቅቆ ወጣ። ልጁ ሥዕሉን እንደገና ሠራች፤ አሁን ዓሣው ሦስት ስስ እንጨት ነው፤ መሃለኛው ማግኔቷ የምትቀመጥበት ክብ ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ ከላይና ከታች ይዘጉታል። ሚሊሜትር አጣብቆ በማጥበቂያ አሰራቸው፤ ሲደርቁም ፈተግ አድርጎ አለሰለሳቸው። በዚህ አልረካም። ወለል ላይ ወረወራቸው፣ በመዶሻ መታቸው፣ ውሃ ውስጥ አሳደራቸው፤ ልጁ ስትስቅበትም አላቆመም። አንዷም አፏን አልከፈተችም። ትንሽ ወፍረዋል፤ ግን ዳቦ አይመስሉም። እንዲያውም በደንብ የበሉ ዓሦች መስለዋል አለ።

የበዓሉ ዝግጅት ቀን ማቆያው ሄደ። ልጆቹ ምንጣፉን ከበው ዱላቸውን ያወናጭፋሉ፤ ክራቸው እርስ በርሱ ይተበተባል፤ አንዱ የሌላውን ዓሣ ይነጥቃል። እሱ የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ተቀምጦ፣ የተተበተበውን ክር ሲፈታ ቆየ። እህቱ ሻይ ይዛለት ስትመጣ ክሩን በጣቱ እንደጠቀለለ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ አገኘችው። ልጆቹን ዝም በሉ ልትል አሰበችና ተወችው፤ ዝም እንደማይሉ ታውቃለች። ሻዩን ራሷ ጠጣችው። ሚሊሜትርም በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ጥልቅ እንቅልፍ ተኛ።