አልፈርምም ያለችው ኦክ-ቡን

ባሕራችን ላይ የነፋስ ተርባይን ይተከላል ከተባለ ወዲህ መንደራችን እፎይ ብሎ አያውቅም። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ስለሆንኩ የስምምነት ወረቀቱን ይዤ ከቤት ቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። ምሰሶው ሸርጣኑን ያባርርብኛል ያለችው ሸርጣን አጥማጇ ኦክ-ቡን ብቻ ስትቀር ሁሉም ፈረመ። ተርባይኑን የሚተክለው ኩባንያ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ከጎደለ ወደ ሌላ ወደብ እንደሚሄድ ነግሮናል።

ከሁሉም የባሰበት ወንድሟ ቺል-ሱንግ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሊዘጋ ነበር፤ ተስፋው ተርባይኑ የሚያመጣው ሥራ ብቻ ነበር። ከጭንቀት ብዛት እህል እንኳ ቆሞ መብላት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን መረቧን ስትጠግን መጣ።

«እህት ዓለም፣ ሸርጣኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የት ልሂድ?» አላት።

«አንተማ ሁለት እግር ይዘህ ከደጄ መራቅ አቅቶሃል» አለችው ቀና ሳትል።

ተቀይሞ ሄደ። በእረፍት ቀኑም ባሕሩን ለሚያጠኑት የኩባንያው መሐንዲሶች መንገድ አሳያለሁ ብሎ ጀልባቸው ላይ ወጣ። ጉም ወረደ። ባሕሩ እንደ ዕለት ልማዱ ከዳርቻው ሲሸሽ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተቀመጠች፤ ባሕሩ ሲመለስ ጀልባዋ ዘምማ ስለነበር ውሃ ይሞላት ጀመር። የነፍስ አድን መርከቡ ትልቅ ስለሆነ ሊጠጋ አልቻለም።

ኦክ-ቡን በሬዲዮ ስትሰማ መረቧን ጥላ የጀልባዋን ሞተር አስነሣች፤ እኔም አብሬያት ተሳፈርኩ። ጥልቀቱን በቀርከሃ እየለካች፣ እሷ ብቻ በምታውቀው ጠባብ መተላለፊያ ገባች። ሁለቱን መሐንዲሶችና ወንድሟን ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ አገኘናቸው።

«መንገዱን ማን አሳያቸው?» አለች።

«እኔ» አላት ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ካፖርቷን አውልቃ አለበሰችው። ከዚያ ጀልባዋን ወደ ወደቡ መለሰች።

በሳምንቱ መሐንዲሶቹ ሊያመሰግኗት መጡ። ካርታቸውን አስዘረጋችና ሸርጣኑ በሚመላለስበት በዚያ መተላለፊያ አንድም ምሰሶ እንዳይተከል ነገረቻቸው። ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የምሰሶዎቹን መሥመር ቀየሩት። እሷም ፈረመች።

ዛሬ ወና የነበረው የዓሣ ማቀዝቀዣ የበረዶ ቤት የተርባይን ክንፍ መጠገኛ ሆኗል፤ ቺል-ሱንግም እዚያ ይሠራል። ተዘግተው የነበሩ ሁለት ምግብ ቤቶች ተከፍተዋል። ኦክ-ቡን ግን አላረፈችም። ሸርጣኑ አንድ ቀን ሞልቶ ሌላ ቀን ይጠፋል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ባለፈው ጀልባዋን ስታስር «ደግ አደረግሁ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ገመዱን አጥብቃ፣ ወንድሟ ምሳ ሳይበላ እንዳይውል ብላ ወደ በረዶ ቤቱ ሄደች።