የታቀፈች ዳክዬ አትጓዝም

«ዳክዬዋ ታቅፋለች፤ የታቀፈች ዳክዬ አትጓዝም» ነው ያልኩት። ይሄ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ከዚያ በፊት የነበረው ነው፤ ልጄ ይገረም ቢሾፍቱ ቤት ሠርቶ «እማ፣ ነዪና ከኔ ጋር ኑሪ» ብሎኛል ያልኩት። ቤት ሠርቷል፤ እሱ እውነት ነው። ነዪ ግን አላለኝም።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ ልንገራችሁ። የእድራችን ስብሰባ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ልጇ ፍሪጅ ገዛላት፣ ልጇ ፀበል ወሰዳት፣ ልጇ እንዲህ አደረጋት እያለች ጆሮዬን በላችው። «የኔም እቃሽን ጠቅልለሽ ነዪ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶኛል» አልኩ። አልኩ፣ በቃ። እኛ ግቢ ደግሞ ወሬ አያድርም። እኔ ቤቴ ሳልደርስ ቀድሞኝ ደርሶ፣ ሐጀራ በር ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ጠበቀችኝ።

«እትዬ ሸዋ፣ ጥለውን ሊሄዱ ነው አሉ?»

ሐጀራ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። በመሀላችን ያለው ጭቃ ከመሳሳቱ የተነሳ እሷ ስታስነጥስ እኔ ነኝ ከዚህ ሆኜ «ይማርሽ» የምላት። መርካቶ ውስጥ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ትቸረችራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። እኔ ዕድሜዬን እህል በረንዳ ጤፍ ሳበጥር ኖሬ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ቤት ዋልኩ። ሁሉም ለእንጀራው ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ የምንቀረው እኔና ሁለት ዳክዬዎች ነን።

ዳክዬዎቹን ያመጣልኝ ይገረም ራሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ወንድና ሴት በካርቶን አድርጎ መጣና «እማ፣ ቤቱ ጭር እንዳይልሽ» አለኝ። አይ ልጅ። ያመጣውን እንኳ አያውቀውም። ይሄ ፊቱ ቀይ፣ ኪንታሮት የወረሰው የዳክዬ ዘር ድምፅ የለውም። እንደሌላው ዳክዬ ቋ ቋ አይልም። ወንዱ ሲናደድ እንደተበሳ ጎማ እስስስ ይላል፣ ሴቷ ጭራዋን ታወዛውዛለች፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ጭር እንዳይለኝ ብሎ ዲዳ አመጣልኝ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኛ እምነት ዳክዬ አይበላም፤ ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ወፍ ክልክል ነው። ሐጀራ ለእነሱ እንደሚበላ ነግራኛለች፤ «ግን ይሄን ፊት አይቶ ማን ይጎርሰዋል?» ትላለች። ጥግ ያለው ክፍል የሚኖረው ሙሉብርሃን፣ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ ባየኝ ቁጥር «እትዬ፣ የማይበላ፣ የማይጮህ፣ ምን ይሁን ብለው ነው የሚቀልቡት?» ይለኛል። «አንተንስ ማን ይበላሃል? ትኖር የለም ወይ?» እለዋለሁ።

አሁን ግን ለምጃቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እህል በረንዳ ብቅ እልና ከድሮ ነጋዴዎቼ የመጋዘን ጥራጊ በፌስታል ይዤላቸው እመጣለሁ። ስገባ ወንዱ እየተንገዳገደ በር ድረስ ይመጣል። ከወዴት መጣሽ ብሎ በር ድረስ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ ወሬው ከተነዛ ወዲህ የግቢው ሰላምታ «መቼ ነው የሚሄዱት?» ሆነ። መጀመሪያ «ጾሙ ይፈታ» አልኩ። ጾሙ ተፈታ። «ዳግም ትንሣኤ ይለፍ» አልኩ። አለፈ። ሌላ የምለው ሳጣ፣ ዳክዬዋ ከአልጋዬ ሥር ገብታ፣ አሮጌ ሳፋ ውስጥ የደረቷን ላባ ነጭታ አነጠፈችና እንቁላሎቿ ላይ ቁጭ አለች። እግዜር ይስጣት። «መንገድ ላይ ከተናጠ እንቁላሉ ይበላሻል» አልኩ። ይሄን የሚክድ ሰው የለም።

በልቤ ግን፣ እስከዚያ ይገረም ይደውልና ያቺን ቃል ይላታል ብዬ ነው። አንዴ «ነዪ» ቢለኝ ውሸቴ ሁሉ እውነት ይሆናል። ባልሄድም እኮ ግድ የለኝም፤ ከሀገሬ ወጥቼ የት እደርሳለሁ? መጠራቱን ነው የፈለግኩት።

እኔም አልፎ አልፎ እደውላለሁ። ስልኬ ከወደቀ ወዲህ ግን ካለ ላውድ አይሰማም፤ ግድግዳው ደግሞ ያው ነው። ስለዚህ ሐጀራ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ ነው የምደውለው። «ሥራ ላይ ነኝ እማ፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ይለኛል። ቆይቶም አይደውልም።

ሐጀራ ከዶሮ ጋር ያደገች ናት። «ሦስት ሳምንት ነው እትዬ፣ እንቁላል ሦስት ሳምንት ነው» ብላ ቀኑን ያዘች። እኔም የማውቀው የዶሮውን ነው፣ ዳክዬ አስፈልፍዬ አላውቅም፤ አመንኳት። ያ ቀን ሲደርስ ግቢው ሽር ጉድ አለ። ሐጀራ ዳቦ ደፍታ፣ ከምትሸጠው ሁሉ መርጣ አንድ ቀይ ሳፋ «ለአዲሱ ቤት» ብላ ይዛልኝ መጣች። ሙሉብርሃን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጭነቱን አራግፎ አይሱዙውን ባዶውን በር ላይ አቆመ። «አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም ባንድ ጊዜ ነው የማደርስልዎ» አለኝ። ዳቦው ተቆረሰ። መንገዱን የጨርቅ ያድርግልዎ፣ ከልጅ ከልጅ ልጅ ያኑርዎ ብለው መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን፣ አሜን አልኩ። በሰው ተከብቤ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

እንቁላሉ ግን ንቅንቅ አላለም። በማግስቱም እንደዚያው። ሐጀራ ሁለት ሦስት ቀን ታግሣ፣ «እትዬ፣ ገምቷል። ያሳዝናል፣ ግን አውጥተን እንጣለውና እናትየዋን በካርቶን ይዘው ይሂዱ» አለችኝና እጇን ወደ ሳፋው ሰደደች።

እጇን ያዝኩት። «ተይ። ይዘገያል እንጂ አይቀርም።»

«ማን?»

«እንቁላሉ ነዋ» አልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እሷ ገበያ እንደወጣች ለይገረም ደወልኩ። የምጠይቀው ቁም ነገር ስለነበረኝ ያን ቀን አላፈርኩም።

«ዳክዬ እኮ ነው እማ፣ ዶሮ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «የሸጠልኝ ሰው እንዳለኝ ይሄ ዘር አምስት ሳምንት ይፈጃል። ጠብቂ።»

ሳቁን ከሰማሁ ቆይቶብኝ ነበር። «ቤቱስ?» ልለው ስል «ሰው መጣብኝ» ብሎ ዘጋ። ቢሆንም ሁለት ሳምንት አተረፍኩ። ማታ ለሐጀራ ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ «ወይ ጉድ፣ በዶሮ ቀን ሸኘንዎታ» አለች። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሙሉብርሃንም አይሱዙውን ሽንኩርት ጭኖበት መንገዱን ሄደ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያደረግኩትን ብነግራችሁ እብድ ትሉኛላችሁ። ልብሴን አጥቤ፣ ሳህኖቼን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ሁለት ማዳበሪያ ሞልቼ አፉን አሰርኩ። ማንም ሳይጠራኝ። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ትራሴ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ዳክዬዋ በቀን አንዴ ወጥታ ትበላለች፣ ሳፋ ውኃ ውስጥ ትነከራለች፣ ክንፏን ዘርግታ ቆርቆሮው ላይ ታርፋለች፤ በዚያው ቀረች ብዬ እሰጋለሁ። እሷ ግን ላባዋን አራግፋ ተመልሳ ትቀመጣለች። «አንቺስ የምትጠብቂውን ታውቂዋለሽ» እላታለሁ። ቀና ብላ ታየኛለች።

ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት የጫጩት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ለካ ወላጆቹ ዲዳ ቢሆኑም ጫጩቶቹ ይጮኻሉ። ሐጀራም ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰምታው ሻሿን እንኳ በቅጡ ሳታስር ሮጣ መጣች፤ አልጋው ሥር ተንበርክካ አንዱን ቢጫ ጫጩት በመዳፏ ይዛ «አላህ፣ አላህ» ትላለች። እኔ ደግሞ በደስታ ብዛት ግድግዳውንም ላውዱንም፣ ሐጀራ እዚያው መሆኗንም ረሳሁና ደወልኩ።

«ይገረም፣ ተፈለፈሉልኝ!»

«ጎሽ እማ!» ድምፁ ቤቱን ሞላው። ሐጀራ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ።

«እንግዲህ የሚይዘኝ የለም» አልኩት። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልለምን?

«ከምኑ?»

«ቤቱ አለቀ አይደል?»

«እንዴ፣ አልነገርኩሽም? አልቆ አከራየነው። እኛ እዚያችው አሮጌዋ ውስጥ ነን፣ ጥበቷን ታውቂ የለ። ለበዓል እመጣና አይሻለሁ። ደግሞ አሁን ጫጩት አለሽ፣ በቃ ጭር አይልሽም።»

«አይለኝም» አልኩት። «ሥራህን ሥራ ልጄ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሐጀራ ፈገግታዋ ጠፍቷል፤ አንገቷን ደፍታ ጫጩቱን ታሻሻለች። ሁለቱ ማዳበሪያዎች አፋቸው እንደታሰረ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ንዴቱም አለ፤ ምን ታደርጊያለሽ ሰው ቤት፣ ውጪልኝ ልላት ቃጥቶኝ ነበር። እንባዬ ቀደመኝ።

በዚህ መሀል ሙሉብርሃን በር ላይ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ተፈለፈሉ አሉ! እሑድ ባዶ ነኝ፤ እንጫን?»

እኔ ሸዋርካብሽ፣ በዕድሜዬ መልስ አጥቼ የማላውቅ ሴትዮ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሐጀራ ከተንበረከከችበት ተነሣች። «ምኑን ነው የምትጭነው?» አለችው ቆጣ ብላ። «የዳክዬ ጫጩት ክረምት ሳይወጣ መንገድ ይችላል እንዴ? ብርድ መትቷቸው እንዲያልቁ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ሙሉብርሃን።

«አታውቅማ። ዶሮ አይደለም፣ ዳክዬ ነው።»

እውነቷን መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ሐጀራ ስለ ዳክዬ የምታውቀው አንድም ነገር የለም። በዶሮ ቀን ያስሸኘችኝ እሷው ናት።

ገበያው ረፍዶባት ነበር። እሷ ግን አንዱን ማዳበሪያ ስባ አፉን ፈታችና ሳህኖቼን ከጋዜጣው እያወጣች ወደ መደርደሪያው መለሰች። አልጠየቀችኝም፤ እኔም ተይ አላልኳትም። ሁለተኛውንም ፈታች። ልብሴን አጣጥፋ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ባዶዎቹን ማዳበሪያዎች ጠቅልላ ጥግ አኖረች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደችና፣ ወደ እኔ ሳትዞር ቆመች።

«እትዬ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ታቅፋለች አይደል?»

«ታቅፋለች» አልኳት።